ሰንሰለቱ መላላት አለበት

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ሞተር ሳይክል ሰንሰለት ነው።

ብዙ ሰው ሰንሰለቱ ትንሽ ረገብ ብሎ ሲያየው ይጨንቀዋል። ቁልፍ ያነሳና ጥብቅ ያደርገዋል። በጣም የላላ ሰንሰለት አደገኛ ነው፤ ከጥርሱ፣ ማለትም ከሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት፣ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ግን የላላው እያንኳኳ ይናገራል። ከልክ በላይ የጠበቀው ዝም ብሎ ነው የሚበላው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የኋላ ጎማው የተያዘው ከፍ ዝቅ በሚል ክንድ ላይ ነው። ጉድጓድ ስትገቡ ክንዱ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ በፊተኛውና በኋለኛው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል፣ ሰንሰለቱም ይወጠራል። ገና ቆሞ ሳለ የተወጠረ ከሆነ ምን ይለቃል? ምንም። ጫናው ሞተሩ ውስጥ የፊተኛውን ጥርስ ዘንግ ወደያዘው ኩሽኔታ ይሄዳል። ያንን ለመቀየር ደግሞ ሞተር መፍታት ሊመጣ ነው።

ብዙ የአስፋልት ሞተሮች ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ መላላት ይፈልጋሉ። የእናንተን ልክ መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ። የሰንሰለቱን የታችኛውን መስመር መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉና ከላይ እስከ ታች ያለውን እንቅስቃሴ በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ጎማውን ትንሽ አዙሩና ደግማችሁ ለኩ። ሰንሰለት እኩል አያልቅም፤ አንዱ ቦታ ከሌላው ይጠብቃል። የምታስተካክሉት በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው።

እባካችሁ፣ ጎማውን በእጅ ብቻ አዙሩ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን። ሞተር አስነስተው ማርሽ አስገብተው ሰንሰለት በጨርቅ የሚጠርጉ ሰዎች አሉ። ጨርቁ ሲያዝ ጣት ተከትሎ ይገባል። ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ሰንሰለት ማየት እወዳለሁ። የሞተሩ ሆድ ተዘግቶ ነው የሚሠራው፤ ሰንሰለቱ ግን ድካሙን አይደብቅም። ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ከኋላው ጥርስ ሲወጣ ቀጥ የማይል፣ እንደታጠፈ የሚቀር ማያያዣ ካለ ዝጎ ሊሆን ይችላል። በፒኑ ዙሪያ ቀይ ብናኝ ካያችሁ የውስጡ ግራሶ አልቋል። የጥርሱ ጫፍ እንደ መንጠቆ ከተጎበጠም ጥርሱንና ሰንሰለቱን አብራችሁ ቀይሩ። አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ነጭ ጋዝ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እሳት ነው፣ ሰንሰለቱ ውስጥ ግራሶውን የሚይዙትን የላስቲክ ቀለበቶችም ይጎዳል። የሽቦ ብሩሽም ይቅር። ካደረቃችሁት በኋላ ዘይቱን በውስጠኛው በኩል ቀቡ፤ ሲሽከረከር ራሱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። እኔ ከጉዞ ስመለስ፣ ሰንሰለቱ ገና ሞቅ እንዳለ ነው የምቀባው። እስኪነጋ ይሰርጋል። በየ500 እና 1000 ኪሎ ሜትሩ መካከል፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ ወዲያው።

ስታስተካክሉ የፔርኖውን፣ ማለትም የኋላ ጎማውን የያዘውን ዘንግ፣ ዳዶ አላሉ፤ የግራና የቀኙን ማስተካከያ እኩል አዙሩ። ክንዱ ላይ ያሉት ምልክቶች ካልተመሳሰሉ ጎማው ይጣመማል። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ሲጠብቅ ልኩ ሊቀየር ይችላል። የኋላ ፍሬናችሁ ከበሮ ከሆነ ደግሞ ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ የፔዳሉም ልክ ይቀየራል። ከመንዳታችሁ በፊት ረገጥ አድርጋችሁ እዩት።