ውሃ የሚያስወጣ ጫማ

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። በዚህ በደሴ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ወደ በሽሎ ሸለቆ ወርደን ወንዝ ውስጥ በእግር እንሄዳለን። ብዙዎቻችሁ ስለ ስንቅና ስለ መኪና ጠይቃችሁኛል። ስለ ጫማ የጠየቁኝ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ጫማ ነው።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ለእንዲህ ያለ ጉዞ ወፍራም ቡትስ ገዛሁ። «ውሃ አያስገባም» ተብዬ ነው የገዛሁት። ወንዙ ግን ከጫማው አፍ በላይ ነበር። ውሃው ከላይ ገባ፤ ገብቶም ቀረ። እንዳያስገባ የተሠራ ጫማ አያስወጣምም። እስከ ማታ ውሃ ተሸክሜ ሄድኩ። ተረከዜ ቆስሎ ዳገቱን የወጣሁት ጓደኞቼ ተራ በተራ እየደገፉኝ ነው።

ወንዝ ውስጥ ስንሄድ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ዋናው ቶሎ መውጣቱ ነው። ጎኑ ወንፊት መሰል ጨርቅ የሆነ፣ ወይም ከታች በኩል ቀዳዳ ያለው ጫማ ፈልጉ። ቤት ውስጥ ሞክሩት። ባልዲ ውስጥ ንከሩት፣ አድርጉት፣ ሃያ እርምጃ ተራመዱ። አሁንም ቸፍ ቸፍ የሚል ከሆነ ተዉት።

ቀጥሎ ሶሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚወድቀው በሶል ነው። የወሎ ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ወንዝ ውስጥ ሲሆን ውሃው አለስልሶታል፣ ላዩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ አልጌ ይበቅልበታል። ጠንካራ ጎማ እዚያ ላይ ምንም አይዝም። ለስለስ ያለ፣ ድንጋዩን ሙጭጭ የሚል ጎማ ያስፈልጋል። ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ትንሽ ከገባ ጥሩ ነው። እንደ ቀንድ ከደረቀ አይሆንም። ከሰልባጅ የምትገዙ በተለይ ይህን አትርሱ። ላዩ አዲስ የሚመስል ጫማ ሶሉ በዕድሜ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ኮንጎ ጫማስ? ያላችሁኝ አላችሁ። ኮንጎን አልንቅም። ገበሬው በእሱ ወንዝ ይሻገራል፤ ውሃ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከዚያ ቡትሴ በስንት ጣዕሙ! ግን ገበሬው የሚሻገረው በሚያውቀው መሻገሪያ ነው። እኛ ሰዓታት ሙሉ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረማመድን ነው የምንሄደው። ፕላስቲኩ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፣ ጠርዙም እግር ይልጣል። ነጠላ ጫማ ደግሞ በፍጹም አይታሰብ፤ ወንዙ ይወስደዋል።

ጣቶቻችሁ የሚሸፈኑበት ፊቱ ጠንከር ያለ ይሁን። ደፍርሶ የማይታይ ውሃ ውስጥ ድንጋይ መምታት አይቀርም። ስትለኩት በምትሄዱበት ካልሲ ይሁን፣ ከሰዓት በኋላም ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ሲውል ያብጣልና። ተረከዛችሁ ከፍ ዝቅ ካለ ቁጥሩ ሰፍቷል። የጥጥ ካልሲ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ሱፍ ይሻላል። የማሰሪያውን ጫፍ ወደ ውስጥ ክተቱት።

ጫማ የማያድነንም ነገር አለ። ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ከውሃ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ውሃ የሚያስወጣ ጫማ አይከለክለውም። ስለዚህ ቀስ ብሎ በሚፈስና በተኛ ውሃ ውስጥ አንቆምም፣ አንዋኝም። ደራሽ ውሃም ጫማ አይመርጥም። እኛ ያለንበት ሰማይ ጠርቶ፣ ከላይ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከጨመረ ማንንም ሳትጠብቁ ወደ ከፍታው ውጡ። እቃ ቢቀር ይቅር።

ስንመለስ ጫማችሁን አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ምድጃ ዳር ካስጠጋችሁት ማስቲሹ ይለቃል።

አዲስ መግዛት ለማትችሉ፣ አብሽሩ። ጎማው ያልደረቀ አሮጌ ስፖርት ጫማ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሐሙስ ከሰዓት ያላችሁን ይዛችሁ እዚሁ ኑ፤ አንድ በአንድ አብረን እናያለን። ባልዲውንና ውሃውን እኔ አዘጋጃለሁ።