ሸሚዛችሁ ከሱሪ ውስጥ ለምን ይወጣል? ልክ የሆነ ሸሚዝ ስለማግኘት

[ምስል፦ አንድ ሰው ከከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ፋይል ያወርዳል። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ ይንጠለጠላል።]

ይህን ሰው እዩት። ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ቀበቶውን አጥብቆ ነው ከቤት የወጣው። አሁን አንዴ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ሸሚዙ ተጎትቶ ወጣ። መልሶ ይከተዋል። ከአስር ደቂቃ በኋላ ያው ነው።

ምን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው "ሸሚዙ አጥሮ ነው" ይላል። አንዳንዱ ቀበቶውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ወገብ ላይ አይደለም። ብብት ስር ነው።

እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ከላይ እንነሳ። ሸሚዝ የሚንጠለጠለው ከትከሻ ነው። ትከሻው ላይ የተበላሸ ሸሚዝ፣ ታች ቢያሳጥሩትም ጎኑን ቢቀንሱለትም አይቃናም። እኛ ግን ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ሆዳችንን ነው። "እዚህ ጋ ይዞኛል፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ስጠኝ" እንላለን። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሆዱ ይመቻል። ትከሻው ግን ይወድቃል፣ አንገቱ ይሰፋል፣ እጅጌው መዳፍ ይሸፍናል። ለአንድ ቦታ ብለን ሦስት ቦታ አበላሸን ማለት ነው።

[ምስል፦ የትከሻ ስፌት በቅርበት]

ጣታችሁን ትከሻችሁ ላይ አሳርፉና ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ሂዱ። አንድ የአጥንት ጫፍ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ክንዱ ወደ ታች ይወርዳል። እጅጌውን ከሸሚዙ አካል ጋር የሚያገናኘው ስፌት ማረፍ ያለበት እዚያች አጥንት ላይ ነው።

ስፌቱ ወደ አንገት ከገባ ሸሚዙ ጠቧል። የላይኛው ክንድ ላይ አግድም መስመሮች ይሠራል፣ እጅ ሲዘረጋም ጀርባ ላይ ይወጠራል። ስፌቱ ወደ ክንድ ከወረደ ደግሞ ሰፍቷል። የታላቅ ወንድሙን ሸሚዝ የለበሰ ልጅ የሚመስለው ያኔ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። ሦስት ከሆነ ግን ሸሚዙን መልሱት። ዋጋው ቢቀንስም፣ ቀለሙ ቢያምርም መልሱት። ትከሻን ለማስተካከል እጅጌው ተፈትቶ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና መገጠም አለበት። አብዛኛው ልብስ ሰፊ አይነካውም፣ የሚነካውም ብዙ ያስከፍላል።

መስታወት ፊት ስትቆሙ ሽብሽቡንም አንብቡት። ከአንገት ተነስቶ ወደ ብብት በሰያፍ የሚወርድ ሽብሽብ ካያችሁ፣ ትከሻችሁ ሸሚዙ ከተሰፋበት ይበልጥ ቁልቁል ነው ማለት ነው። ከኋላ ከኮሌታው ስር አግድም የሚተኛ እጥፋት ካለ ደግሞ በተቃራኒው፣ ትከሻችሁ ቀጥ ያለ ነው። ይህ የናንተ ጉድለት አይደለም። ሸሚዙ ለሌላ ሰው ትከሻ ተቆርጦ ነው። ሌላ ፋብሪካ የሰፋውን ስትሞክሩ ሽብሽቡ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ "እኔ ሸሚዝ አያምርብኝም" ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት መሞከር ነው።

[ምስል፦ የመጨረሻው ቁልፍ ይቆለፋል፣ ሁለት ጣት በኮሌታውና በአንገት መሀል ይገባል]

ወደ አንገት እንሂድ። የላይኛውን ቁልፍ ቆልፉ። ክራቫት አላስርም ብትሉም ቆልፉት፣ ለመለካት ነው። ሁለት ጣት በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። አንድ ጣት ብቻ ታግሎ ከገባ ጠባብ ነው፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያንቃችኋል። አራት ጣት ከገባ ደግሞ ክራቫት ስታስሩ ኮሌታው ይጨማደዳል።

ስለ ጠባብ ኮሌታ ሁሉም ያወራል፣ ምክንያቱም ያማል። ሰፊ ኮሌታ ግን አያምም። ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። እኔም ልብ ያልኩት በአባቴ ነው። ዕድሜ ልኩን 41 ቁጥር ነበር የሚለብሰው። ሲያረጅ አንገቱ ቀጠነ፣ ሸሚዙ ግን ያው 41 ቀረ። ኮሌታው ዙሪያውን ክፍት ሆኖ፣ የአንገቱ ጅማቶች መሀል ላይ ቆመው ይታዩ ነበር። ያየው ሁሉ "አባትህ ታመመ እንዴ?" ይለኝ ጀመር። አልታመመም ነበር። አንድ ቀን ሜትር አንስቼ አንገቱን ለካሁትና 39 ቁጥር ገዛሁለት። ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም ኮሌታውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ቆየ። ፊቱ ሞላ ብሎ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ጤናው አልጠየቀኝም። ሰውነታችሁ ከተለወጠ፣ ብትወፍሩም ብትከሱም፣ የድሮ ቁጥራችሁን አትመኑ። እንደገና ተለኩ።

አለካኩ ቀላል ነው። ሜትሩን አንገታችሁ ስር፣ ከማንቁርት በታች፣ ኮሌታ በሚያርፍበት ቦታ አዙሩት። ሳታጠብቁ ያዙት። ባገኛችሁት ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። 38 ከመጣ 39 ቁጥር ሞክሩ ማለት ነው። በኢንች የተጻፈ ካጋጠማችሁ፣ 15 የሚለው ወደ 38፣ 15 ተኩል ወደ 39፣ 16 ደግሞ ወደ 41 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

በአንገት ቁጥር መሸጥ የቆየ ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሌታ ከሸሚዙ ተነጥሎ፣ ለብቻው እየታጠበና በስታርች እየደረቀ የሚለበስ ዕቃ ነበር። ያኔ ቁጥሩ ካልገጠመ ኮሌታው ከናካቴው አይያያዝም። ዛሬ ብዙ ሸሚዝ ላይ "ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ" የሚል ፊደል ብቻ ነው ያለው። ምርጫ ካላችሁ የአንገት ቁጥር ያለውን ውሰዱ። ከተቻለም የእጅጌ ርዝመት አብሮ የተጻፈበትን።

[ምስል፦ ደረት ላይ የተወጠሩ ቁልፎች። ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጣል።]

ደረትና ሆድ ላይ ብዙ አልቆይም። ቁልፉ ዙሪያ ኤክስ የሚመስል መስመር ከወጣ ጠቧል። በቁልፎቹ መሀል ጨርቁ ተከፍቶ ገላ ካሳየም ጠቧል። ቆማችሁ ብቻ አትፍረዱ፣ ተቀመጡ። ሆድ የሚወጣው ስንቀመጥ ነው። ስፋቱን ለማወቅ ደግሞ ከጎን ጨርቁን ቆንጥጡ። በያንዳንዱ ጎን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እጥፋት ቢያዝ ጥሩ ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ ሱሪ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን እንደ ፊኛ ይነፋል።

[ምስል፦ ሁለት ሸሚዞች ጎን ለጎን። የአንዱ የብብት ቀዳዳ ከፍ ያለ፣ የሌላው ዝቅ ያለ። ሁለቱም ክንዶች አብረው ይነሳሉ።]

አሁን መጀመሪያ ወዳየነው ሰውዬ እንመለስ።

እጅጌው ከሸሚዙ አካል ጋር የሚገናኝበት ክብ ቀዳዳ አለ። እዚህ ሸሚዝ ላይ ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ወደ ብብት ተጠግቷል። እዚያኛው ላይ ሰፍቶ፣ ከብብት ስር ወደ ጎድን ወርዷል። ሁለቱን ስታዩ የትኛው የሚያፈናፍን ይመስላችኋል? ሰፊው፣ አይደል? እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው።

ክንዱ ሲነሳ ግን ተመልከቱ። ቀዳዳው ዝቅ ያለበት ሸሚዝ ላይ እጅጌውና የጎኑ ጨርቅ ተሰፍተው የተያያዙት ከብብት ርቀው ነው። ክንዱ ሲነሳ እጅጌው ያንን መገናኛ ይጎትታል፣ መገናኛው ደግሞ የጎኑን ጨርቅ በሙሉ ይዞ ይወጣል። ሸሚዙ ከሱሪ የሚነቀለው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ከፍ ሲል ግን መገናኛው ክንዱ ራሱ ከሚዞርበት ቦታ አጠገብ ነው። ክንዱ ይነሳል፣ አካሉ ባለበት ይቀራል። ጠበብ ያለው ቀዳዳ ነው ነፃነት የሚሰጠው።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አረጋግጡት። ሸሚዙን ሱሪ ውስጥ ክተቱ። ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፣ ከዚያ መኪና እንደምትነዱ ወደ ፊት አድርጉ። ትንሽ ከፍ ቢል ያለ ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ቀዳዳው ዝቅ ብሏል። ጨርቁ ብብታችሁን የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል። ጠጋ ብሎ የማይነካ፣ ያ ነው የሚፈለገው። ይህን ሳታዩ እንዳትከፍሉ፣ ምክንያቱም ዝቅ ያለ ቀዳዳን በኋላ ከፍ ማድረግ አይቻልም። እላዩ ላይ የሚጨመር ጨርቅ የለም።

[ምስል፦ የእጅጌ ጫፍ፣ የእጅ አንጓ፣ ሰዓት]

እጅጌ። እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁ። የእጅጌው ጫፍ የእጅ አንጓውን አልፎ፣ አውራ ጣት ከሚነሳበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። አሁን ክንዳችሁን እጠፉ። ጫፉ ከአንጓው በላይ ሸሽቶ ከሄደ አጥሯል። እጅጌ ትንሽ ትርፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክንድ ሲታጠፍ ክርኑ ጨርቅ ይበላል።

ታዲያ ትርፍ ካለው ለምን መዳፍ ላይ አይወርድም? የሚይዘው የጫፉ ጥበት ነው። ቁልፉ ተቆልፎ እያለ እጃችሁን በቀላሉ ማውጣት ከቻላችሁ ጫፉ ሰፍቷል ማለት ነው። ብዙ ሸሚዝ እዚህ ጋ ጎን ለጎን ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ለጠበብ፣ አንዱ ለሰፋ። ብዙ ሰው ሁለተኛው ለጌጥ ይመስለዋል። ትልቅ ሰዓት የምታስሩ ከሆነ በሰዓቱ በኩል ያለውን ሰፋ አድርጋችሁ፣ ሌላውን ጠበብ አድርጋችሁ ቆልፉ። ኮት ስትደርቡ ከኮቱ እጅጌ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነጭ ብቅ ቢል ያምራል።

ርዝመት አጭር ወሬ ነው። ሱሪ ውስጥ የሚገባ ሸሚዝ መቀመጫችሁን የሚሸፍን ይሁን። ከላይ ለቃችሁ የምትለብሱት ደግሞ ከሱሪው ዚፕ መሀል ባይወርድ ይመረጣል።

[ምስል፦ የታጠበ ሸሚዝ ተሰቅሎ ይደርቃል]

አሁን ሁሉም ልክ ሆነ እንበል። ገዛችሁት። አጠባችሁት። ጠበበ!

ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ጨርቁ ሲሸመንና ሲጠናቀቅ ክሩ ተወጥሮ ይቆያል። ውሃ ሲነካው ውጥረቱን ይለቅና ወደ ራሱ ይመለሳል። ሳንፎርድ ክሉዌት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ለዚህ መላ አበጀለት። ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት በማሽን ቀድሞ እንዲሰበሰብ ማድረግ ነው። በስሙ "ሳንፎራይዝድ" ተባለ። ቢሆንም የጥጥ ሸሚዝ ከ1 እስከ 3 በመቶ ቢሰበሰብ አይገርምም። 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። 40 ቁጥር ኮሌታ ላይ ግን 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያ ደግሞ ከሁለት ጣት ቦታ ላይ ብዙ ይወስዳል። 86 ሴንቲ ሜትር እጅጌ ላይ 1.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ንጹሕ ጥጥ ስትገዙ ኮሌታውና እጅጌው በጥቂቱ ለቀቅ ይበሉ። በጣም በሞቀ ውሃም አትጠቡት።

ልብስ ሰፊ ጋ መውሰድ ካሰባችሁም አንዴ ሁለቴ አጥባችሁ ውሰዱ። ሳይታጠብ የጠበበ ሸሚዝ ሲታጠብ ሁለተኛ ይጠባል። ልብስ ሰፊው ጎኑን መቀነስ፣ እጅጌውን ማቅጠንና ማሳጠር፣ የጫፉን ቁልፍ ማዛወር፣ ከታች መቁረጥ ይችላል። ጀርባው ላይ የሚንጀባረር ጨርቅ ካለም ወገብ ጋ ከላይ ወደ ታች ሁለት ቀጫጭን ስፌት አስገብቶ ይሰበስብላችኋል። ሆዳችሁ ገፋ ያለ ቢሆንም መንገዱ ይኸው ነው። ለትከሻና ለአንገት ልክ ሆኖ ሆድ ላይ የሚመች ሰፊ ልክ ፈልጉ፣ የተረፈውን ከጀርባ አስቀንሱ።

[ምስል፦ ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ሜትር ከብብት እስከ ብብት]

ሳትሞክሩ በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሰውነታችሁን ሳይሆን ሸሚዛችሁን ለኩ። ካሏችሁ ሁሉ የሚመቻችሁን አንዱን አውጡ። ቁልፎቹን ቆልፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ በእጃችሁ ደልድሉት። ከአንዱ ብብት ስፌት እስከ ሌላው ለኩ። 55 ከመጣ ዙሪያው 110 ነው። ደረታችሁ 100 ከሆነ፣ እናንተ የምትወዱት ትርፍ 10 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ሰፋ ያለ የሚወድ ሰው 15 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። ቀጥሎ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት። ከዚያ እጅጌውን። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ አንዳንድ ሻጭ እጅጌ የሚለካው ከትከሻ ስፌት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከኋላ ከአንገት መሀል ተነስቶ ትከሻን አልፎ ነው። በሁለቱ መሀል ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። የትኛውን እንደሚጠቀሙ ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ሥዕል አይታችሁ አረጋግጡ። በመጨረሻ ኮሌታውን ዘርግታችሁ ከቁልፉ መሀል እስከ ቁልፍ ማስገቢያው ለኩ።

አራት ቁጥር ነው ያላችሁ። ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፣ ቀኑንም ጨምሩበት። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትለካላችሁ።