ያልታተመው ፍርድ፦ የፖላንድ ፍርድ ቤቶች እንዴት ተያዙ?

[ምስል፦ የዋርሶ ከተማ፣ የመንግሥት ሕንፃዎች]

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2016። የፖላንድ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የራሱን ሥራ የሚያሽመደምድ አዲስ ሕግ መርምሮ ሻረ። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚጸናው እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ባለ የመንግሥት ጋዜጣ ሲታተም ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ቤአታ ሺድዎ መንግሥት ግን አላትምም አለ። ወታደር አልወጣም፣ ዳኛ አልታሰረም፤ ፍርዱም ያኔ አልታተመም።

ሥልጣን ላይ የነበረው ሕግና ፍትሕ የተባለው ፓርቲ በ2015 በምርጫ ያሸነፈ ነው። ድምፅ አልሰረቀም። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ምርጫ ያሸነፈ ሁሉ ዳኛውንም አብሮ የተረከበ ከመሰለው፣ በምርጫ የተሸነፈው ዜጋ አቤት የሚልበት ደጅ ያጣል።

[ምስል፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በር፣ ከፊቱ የተሰበሰበ ሕዝብ]

ቀጥሎ ተራው የዳኞች ጉባኤ ሆነ። ይህ ዳኞችን ለሹመት የሚያጭ አካል 25 አባላት አሉት። 15ቱን ዳኞች ራሳቸው ከመካከላቸው ይመርጡ ነበር፤ በ2017 የወጣ ሕግ ግን ምርጫውን ለፓርላማ ሰጠው።

በ2018 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 65 ወረደ። ሲሶ ያህሉ ዳኞች በአንድ ጊዜ የሚሰናበቱ ሆኑ። መቆየት የፈለገ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ያመልክት ተባለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በወንበሩ ለመቆየት ፈቃድ የሚለምን ዳኛ፣ ነገ ፈቃጁ ሲከሰስ እንዴት አድርጎ ይፈርዳል? የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማውጎዣታ ጌርስዶርፍ አላመለከቱም። ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸው የስድስት ዓመት ዘመን ገና አላለቀምና፣ ሕጉ ተፈጻሚ በሆነ ማግስት፣ ሐምሌ 4 ቀን፣ ሕዝብ አጅቧቸው ወደ ቢሯቸው ገቡ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሕጉን አገደ፤ ፓርላማውም ሽሮት ዳኞቹ ተመለሱ።

ዳኞችን የሚቀጣው የዲሲፕሊን ችሎት ግን ሥራውን ቀጠለ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት አቁሙ ቢል አልተሰማም፤ በ2021 በቀን 1 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ።

[ምስል፦ የምርጫ ሣጥኖች፣ 2023]

በ2023 ፓርቲው ከመንግሥት ወረደ። በአዲሱ ጉባኤ ታጭተው የተሾሙ ከ2 ሺህ በላይ ዳኞች ግን በየችሎቱ ተቀምጠዋል። ሹመታቸው ይሻር ቢባል፣ እነሱ ያጸደቁት ፍቺና የፈረዱት የርስት ክርክር ምን ይሆናል? ጉባኤውን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ሕግ ፓርላማው በ2024 አጸደቀ። ፕሬዚዳንት አንድሬይ ዱዳ አልፈረሙበትም፤ ወደ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ላኩት። የዚያ ፍርድ ቤት ዳኞች ደግሞ በሕግና ፍትሕ ዘመን የተሾሙት ነበሩ።