ፌስታል፣ እሾህ እና ነጭ የደም ሴል

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች፣ እንዴት ከረማችሁ! ማይኩ ላይ «ፉፉፉ» የሚለው ተሰማችሁ? ማይኩ አልተበላሸም፤ የአዳማ ንፋስ ነው። መስኮት ስዘጋ ሙቀቱ፣ ስከፍት ንፋሱ። ከከተማው ወጣ ብሎ የተተከሉት ተርባይኖች፣ የሁለተኛው ዙር ብቻ 153 ሜጋ ዋት የተባለላቸው፣ በከንቱ እዚህ አልመጡም። ዛሬ ግን ንፋሱ ለእኔም ይሠራልኛል።

ባለፈው ስለ ብግነት አወራን። እሾህ ወጋን፣ ጣታችን ቀላ፣ አበጠ፣ ሞቀ፣ ጠዘጠዘ። የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ነጩ የደም ሴል ደም እየገፋው ሲከንፍ፣ እዚያች ጣት ጋ ሲደርስ በምን ይቆማል? ፍሬን የለው፣ «ወራጅ አለ!» የሚልለት ረዳት የለው።

[ካሜራው በመስኮት ወደ ጎረቤት አጥር ይዞራል]

ያቺን ጥቁር ፌስታል ተከተሉልኝ። አሁን ቆርቆሮው አጥር ላይ ናት፤ ሸርተት ብላ አለፈች፣ ምንም የያዛት የለም። አሁን የእሾህ አጥሩ ጋ ደረሰች። ያዛት... ለቀቃት። ተገለበጠች። ያዛት... ለቀቃት። እዩ፣ ቀስ አለች! መብረሩ ቀርቶ አጥሩን እየታከከች ትንከባለላለች። ያዛት፣ ለቀቃት፣ ያዛት... እና መጨረሻ ላይ ሽቦው። ተጠመጠመች። በቃ፣ ከዚህ በኋላ ንፋሱ ቢያብድም አትላቀቅም። (ይህን ለመቅረጽ አርባ ደቂቃ ጠብቄያለሁ፤ ለላይክ የማይበቃ ከሆነ ንገሩኝ።)

ጤነኛ የደም ስር ግድግዳ ቆርቆሮው ነው። የተቆጣው ግን እሾህ ያበቅላል። እዚያው ችግሩ ያለበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ብቻ!

ቶሎ ቶሎ ልበለው። ማክሮፌጅ፣ ሥጋችን ውስጥ ዘብ የሚቆመው ሴል፣ ቲኤንኤፍ የሚባል የማንቂያ መልእክት ይለቃል፣ የደም ስሩ ግድግዳ ይሰማል። እሾሁ ሴሌክቲን ይባላል። ፒ-ሴሌክቲን ተሠርቶ የተቀመጠ ስለሆነ በደቂቃዎች ብቅ ይላል፤ ኢ-ሴሌክቲን ገና ስለሚሠራ ሰዓታት ይፈጃል። ነጩ ሴል ሲንከባለል ኬሞካይን የሚባል የጥሪ ኬሚካል ይነካዋል፤ ያኔ ታጥፎ የነበረው ኢንተግሪኑ፣ የሴሉ እጅ በሉት፣ ይዘረጋና ግድግዳው ላይ ያለውን አይካም-1 የሚባል መያዣ ጨምድዶ ይይዛል። ቆመ። ከዚያ በሴሎቹ መገጣጠሚያ ሾልኮ ይወጣል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ፌስታል እጅ የላትም።

አሁን ወደ ኮመንታችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ወንድማችን «መግል የተበላሸ ደም ነው፣ ጨምቆ ማውጣት ነው» ብሎ ጽፎ፣ ስንቱ ላይክ አደረገለት! እኔም ልጅ ሆኜ እማዬ መርፌ በክብሪት ለብልባ ስትመጣ አልጋ ስር የምገባው በዚሁ እምነት ምክንያት ነበር። መግል የተበላሸ ደም አይደለም። በብዛት እነዚሁ ግድግዳውን ይዘው፣ ሾልከው ወጥተው፣ ተዋግተው የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ስትጨምቁት ጀርሙን ወደ ውስጥ ልትገፉት ትችላላችሁ። መፍሰስ ያለበት መግል አለ፣ አዎ፤ እሱ በሐኪም እጅ ይፍሰስ።

ማስረጃ ካላችሁኝ፣ መግል የማይቋጥሩ ልጆች አሉ። ብርቅ የሆነ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው፤ ሲዲ18 የሚባለው የኢንተግሪን ክፍል ይጎድላቸዋል። የብዙ ሕፃናት እትብት በ1 ወይም በ2 ሳምንት ሲወድቅ፣ የእነሱ ብዙ ጊዜ ከ3 ሳምንት በላይ ይቆያል። ቁስላቸው ይመረቅዛል፣ መግል ግን የለም። «ንጹሕ ደም» እንዳትሉ! ደማቸው ሲመረመር ነጭ የደም ሴሉ ከመጠን በላይ ሞልቶ ይገኛል። ሰማዩ ሁሉ ፌስታል፣ አጥሩ ላይ ግን አንድም የለም። ከባድ ለሆነባቸው ልጆች መፍትሔው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው።

«ታዲያ መጣበቁን በመድኃኒት ብንከለክለውስ?» ያለችው እህታችን፣ ጎበዝ! ተሞክሯል። ናታሊዙማብ አንዱን ኢንተግሪን ይሸፍናል፤ ነጭ የደም ሴል ወደ አንጎል ገብቶ ነርቭ እንዳይጎዳ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ (የገዛ መከላከያችን አንጎልና ነርቭን የሚያጠቃበት በሽታ) በ2004 ተፈቀደ፣ በ2005 ከገበያ ወጣ፣ በ2006 በጥብቅ ቁጥጥር ተመለሰ። ለምን ወጣ? ጄሲ የሚባል፣ ብዙዎቻችን ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር ቫይረስ አለ። ዘበኞቹ አንጎል መግባት ሲከለከሉ፣ እሱ አንዳንድ ታማሚዎች ላይ ተነሣ።

የዚያን ቫይረስ ነገር ሐሙስ እመለስበታለሁ፤ ደወሏን ተጫኗት። ንፋሱ ከፈቀደ።