ጨው የለመዱ ዕፅዋት መድኃኒት ይሆናሉ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅሉ ዕፅዋት ለመድኃኒት ይፈለጋሉ ሲባል ሰማሁ። ጨውን ከመድኃኒት ምን አገናኘው?

መልስ፦ ዋናው ነገር ጨው ነው። አብዛኛው ሰብል በሚደርቅበት አፈር ላይ እነዚህ አብበው ዘር ይሰጣሉ። ከዓለም የዕፅዋት ዝርያዎች 1 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ግን ኑሯቸው ቀላል አይደለም። ጨው ሲበዛባቸው ሕዋሳቸው ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ። ተክል ደግሞ ሮጦ አያመልጥም። ስለዚህ መከላከያውን እዚያው ቆሞ ይሠራል፤ ፖሊፌኖል፣ ፍላቮኖይድ፣ ካሮቲኖይድ የመሳሰሉ መከላከያ ንጥረ ነገሮችን። ተመራማሪዎችን የሳባቸው እነዚህ ንጥረ ነገሮች ለሰውም መድኃኒት ይሆኑ ይሆን የሚለው ነው። አንዱ ተክል ራሱ የሚያገኘው ጨው ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የንጥረ ነገሮቹ መጠን ይቀያየራል። በደፈናው "ይህን ያህል አለው" ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ እስካሁን ሐኪም የሚያዘው ነገር ወጥቷል?

መልስ፦ እኔ ሁሌም የማነሳው ቤታይንን ነው። ጨው የሚችሉ ብዙ ዕፅዋት ሕዋሳቸው ውሃ እንዳያጣ ያከማቹታል። መጀመሪያ የተገኘው ስኳር ከሚመረትበት የቀይ ሥር ዓይነት ነው። የዚህ ተክል የዱር ዘመድ ዛሬም ባሕር ዳርቻ ላይ ይበቅላል። ሆሞሲስቲኑሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፤ ሆሞሲስቲን የተባለ ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ተከማችቶ ዓይንን፣ አጥንትንና የደም ሥርን ይጎዳል። ቤታይን ይህን ክምችት ሰውነት ወደሚጠቀምበት ሜቲዮኒን ወደሚባል ንጥረ ነገር እንዲቀየር ያግዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1996 (እንደ አውሮፓውያን) አጽድቆታል። በጣም ደስ የሚለኝ ታሪክ ነው። ሌላው አብዛኛው ግን ገና ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ብልቃጥ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ የገደለ ጭማቂ ሁሉ ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊት አለባት። ሳሊኮርኒያ የሚባለውን ጨው ቻይ ተክል ዱቄት በጨው ፈንታ ብትጠቀምስ?

መልስ፦ እባክዎ ሐኪሟን ሳያማክሩ አይጀምሩ። ሳሊኮርኒያ ከጨዋማው አፈር የሚስበውን ሶዲየም በግንዱ ውስጥ ያጠራቅማል። ቀምሰውት ከሆነ ያውቁታል፣ ጨው ጨው ይላል። ዱቄቱ "ከዕፅዋት የተሠራ" ስለተባለ ሶዲየሙ የትም አይሄድም። የግፊት መድኃኒቷንም በምንም ምክንያት እንዳታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ራሴ ለቅሜ አፍልቼ ብጠጣስ?

መልስ፦ አይሆንም። አናባሲስ አፊላ የሚባለው ጨው ቻይ ቁጥቋጦ አናባሲን አለው፤ የኒኮቲን ዘመድ የሆነ መርዝ ነው፣ ተባይ ማጥፊያም ሆኖ ያውቃል። ከመርዛማዎቹ ውጭ ያሉትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል፤ ለኩላሊት ጠጠር የተጋለጠ ሰው ይጠንቀቅ። በተበከለ አፈር ላይ የበቀሉት ደግሞ ካድሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን ይስባሉ። ይህ በዓይን አይታይም፣ በማፍላትም አይጠፋም።