በወኔ የማይደፈን ቀዳዳ

ሰላም፣ ሰላም። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከውጭ የሚሰማችሁ ኳኳታ የጎረቤት ግንባታ ነው። ለምኛቸው ነበር፣ አልሰሙኝም። እንግዲህ ቻሉት።

ብዙዎቻችሁ "ችግርን አሸንፈው ለሌሎች አርአያ ስለሆኑ ሴቶች ሥሪልን" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። እሺ ብዬም ነበር። ልቀዳ ስቀመጥ ግን የማርች 8 ዝግጅቶች ትዝ አሉኝ። ታውቋቸዋላችሁ አይደል? አዳራሽ፣ ኬክ፣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ አንድ ጽጌረዳ። ከዚያ አንዲት ሴት መድረክ ላይ ትወጣና ያሳለፈችውን ትናገራለች። እናለቅሳለን፣ እናጨበጭባለን፣ "በጣም ጠንካራ ሴት ናት" እንላለን። ከዚያ ሁላችንም ወደ ሥራችን። ያቺን ሴት መከራ ውስጥ የከተታት ነገር ግን እንዳለ አለ፣ ማንም አልነካውም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንዲት ሴት ብቻ መርጫለሁ። ማሚቱ ጋሼ።

ስማቸውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በዕድሜም በሙያም አንቱታ የሚገባቸው እናት ናቸው። ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ልጅ ነው፣ ለዚያች ልጅ ደግሞ አንቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ይቅር ይበሉኝና አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

ማሚቱ የገጠር ልጅ ናት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ገና ልጅ እያለች ተዳረች፣ አረገዘች፣ ምጥ መጣ። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን። ሦስት። አራት። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ይባላል በእኛ አገር፣ ያንን የሚሉላትም ሴቶች አጠገቧ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። ሐኪም ግን አልነበረም። ሕፃኑ ሞተ። እሷ ተረፈች፣ ግን ሽንቷ በራሱ ይፈስ ጀመር። ፊስቱላ ነው።

ፊስቱላ ምን እንደሆነ በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ ሰምተን እናልፈዋለን። ምጥ ሲመጣ የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቱ ዳሌ አጥንት በኩል ማለፍ አለበት። አንዳንዴ አያልፍም። ይቀረቀራል። ማህፀኗ መግፋቱን አያቆምም፣ ጭንቅላቱ ደግሞ አይንቀሳቀስም። በጭንቅላቱና በአጥንቱ መካከል የተጨፈለቀው ስስ ሥጋ ደም አያገኝም። ደም ያላገኘ ሥጋ ይሞታል። ከቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ይረግፍና በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይተዋል፣ አንዳንዴም ከኋላ በሰገራ መውጫው በኩል። ከዚያ በኋላ ሽንት ሌሊትም ቀንም ነው። ሽታ አለ። ልብስ ይበሰብሳል። ባል ይሄዳል። ሰው ቤት መሄድ ይቀራል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ይቀራል። እርግማን ነው ብላ ራሷን ጓሮ የምትደብቅ ብዙ ናት።

እስቲ አሁን ንገሩኝ፣ እዚህ ላይ ጥንካሬ ምን ይፈይዳል? ያ ቀዳዳ በወኔ አይደፈንም። የሚደፈነው በመርፌና በክር ነው።

እኔ ልጄን ስወልድ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሌሊት ነው ምጡ የጀመረኝ። ባለቤቴ ራይድ ጠራ፣ ሆስፒታል ደረስን፣ ሲነጋ "ጭንቅላቱ አልወርድ ብሏል" አሉኝና በኦፕሬሽን ወለድኩ። አለቀስኩ ያኔ። "አምጦ መውለድ" የሚባለው ቀረብኝ ብዬ አዘንኩ፣ አማቴም ፊታቸው ላይ ትንሽ ቅሬታ ያየሁ መሰለኝ። የፊስቱላን ነገር ማንበብ ስጀምር ነው የገባኝ። ጭንቅላቱ አልወርድ አለ ማለት እኮ የማሚቱ ታሪክ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ከእሷ የተሻለ ጥንካሬ የለኝም፣ በፍጹም። መኪና ነበረኝ። አስፋልት ነበረኝ። ቢላ መያዝ የሚያውቅ ሰው በቅርብ ነበረኝ። በቃ።

ወደ ማሚቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሰች። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ያለው ማለት ነው። በነገራችን ላይ ልዕልት ፀሐይ ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? የንጉሡ ልጅ፣ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረች። እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ውስጥ በእርግዝናዋ ምክንያት አረፈች። የንጉሥ ልጅ! አስቡት። ቤተ መንግሥት ያደገችም ከዚህ ነገር አላመለጠችም፣ እና በስሟ በተሠራው ሆስፒታል ነው ማሚቱ የታከመችው። ይህን ሳውቅ የማነበውን መጽሐፍ አስቀምጬ ትንሽ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

እዚያ ሆስፒታል ሁለት ሐኪሞች ነበሩ፣ ባልና ሚስት። ካትሪን ሃምሊን ከአውስትራሊያ፣ ሬጂናልድ ሃምሊን ከኒውዚላንድ። እ.ኤ.አ. በ1959 ነው የመጡት፣ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም። ለሦስት ዓመት ነበር ሐሳባቸው። ፊስቱላ ከመምጣታቸው በፊት አይተው አያውቁም፣ በእነሱ አገር ጠፍቷላ! መጽሐፍ እያገላበጡ ነው ቀዶ ሕክምናውን የጀመሩት። ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 አረፉ። ካትሪን እዚሁ አዲስ አበባ ኖረው በ2020 በ96 ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ዓመት ተብሎ ስልሳ ዓመት።

የማሚቱ ጉዳት ከባድ ነበር፣ በአንድ ኦፕሬሽን የሚያልቅ አልነበረም። ስለዚህ ቆየች። እየቆየችም ሥራ ያዘች። አልጋ ታነጥፋለች፣ ታጸዳለች፣ አዲስ የመጡትን ታጽናናለች። አስቡት፣ ከገጠር የመጣች፣ ከሰው ተደብቃ የኖረች ሴት ሆስፒታል ስትገባ መጀመሪያ የምታያት "እኔም እንዳንቺ ነበርኩ" የምትል ልጅ ናት። የትኛውም ሐኪም ያንን ማለት አይችልም።

ከዚያ ኦፕሬሽን ክፍል አስገቧት። መጀመሪያ ዕቃ ማቀበል። ዶክተሩ እጁን ሲዘረጋ የቱን እንደሚፈልግ ሳይናገር ታውቃለች። ቀስ በቀስ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ሥራ ይሰጧት ጀመር። ይህን ቁረጪ፣ ይህን ስፊ፣ አሁን አንቺ ቀጥዪ። ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ሙሉ ቀዶ ሕክምናውን ራሷ የምትሠራ ሆነች። የሕክምና ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት፣ ዲግሪ ያላቸው የውጭ አገር ሐኪሞች ሳይቀሩ ሙያውን ከእጇ ተማሩ።

እና እኔ እዚህ ጋ ነው የምቆመው። መድረክ ላይ ቢሆን "ሕልሟን ተከትላ" ይባል ነበር። የምን ሕልም? ፊስቱላ ሐኪም የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር እኮ። የሆነው ነገር ሌላ ነው። አንድ ሰው እጆቿን አየ፣ ጎበዝ መሆናቸውን አመነ፣ መቀሱን ሰጣት። ችሎታው የራሷ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ግን ስንት ጎበዝ እጅ አለ አልጋ ሲያነጥፍ ያረጀ? ማንም "ነይ እስቲ ይህን ያዢ" ሳይለው?

አሁን ትንሽ ሩቅ ልውሰዳችሁ፣ አሜሪካ። አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849። ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም ነበር። ለረጅም ጊዜ "የማህፀን ሕክምና አባት" ሲባል የኖረ። የፊስቱላን ቀዶ ሕክምና የሞከረው በባርነት ሥር ባሉ ጥቁር ሴቶች ላይ ነው። ስማቸውን የምናውቀው የሦስቱን ብቻ ነው፣ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ። ያለ ማደንዘዣ ነው የቀደዳቸው። አናርካን ብቻ ሠላሳ ጊዜ ያህል። ተስማምተሻል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፣ ሰውነቷ የጌታዋ ንብረት ነው ይባል ነበራ።

ግን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነገር ነው። ሙከራው አልሳካ ሲል ሲያግዙት የነበሩት ነጭ ሐኪሞች ትተውት ሄዱ። ታዲያ ማን ረዳው መሰላችሁ? እነዚያው ሴቶች። አንዷ ስትቀደድ ሌሎቹ ይይዛሉ፣ ያቀብላሉ፣ ከዚያ በኋላ ያስታምማሉ። ለዓመታት። ሥራውን ያውቁት ነበር ማለት ነው! ማሚቱ ያወቀችውን ያህል ባይሆን እንኳ ጅማሬው አንድ ነው፣ ታካሚ የነበረች፣ ረዳት የሆነች። እሱ ግን ኒውዮርክ ሄዶ በ1855 የሴቶች ሆስፒታል ከፈተ፣ ሐውልት ቆመለት። እነሱ ወደ ጌቶቻቸው እርሻ።

ሐውልቱ ሴንትራል ፓርክ ጎን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሳ። በ2021 ደግሞ እዚያው ሞንትጎመሪ ውስጥ ለሦስቱ ሴቶች ሐውልት ቆመላቸው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። በሽታው አንድ ነው። ክሩና መርፌው አንድ ነው። የሴቶቹ ብልህነት አንድ ነው ብል ደፋር አትበሉኝ። ማሚቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ላይ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከሁለቱ ሃምሊኖች ጋር ተሸላሚ ነበረች። ስሟ ተጻፈ። አናርካ ጠንካራ ስላልነበረች ነው ወይ ያልተጻፈላት? ሠላሳ ጊዜ ተቀድዳ የቆመች ሴት?

አንዳንዶቻችሁ "ይህ ሁሉ ሲሆን ፈረንጅ ባይመጣስ?" ትሉኛላችሁ። እኔም ብያለሁ። ይቆጠቁጠኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ሁለት ደግ ሰዎች በአጋጣሚ መጡ፣ አንዲት ሴት በአጋጣሚ እዚያ ደረሰች። አጋጣሚ ላይ የቆመ ነገር ያስፈራል።

ለዚህ ነው ከኦፕሬሽኑ ይልቅ ሌላው ሥራ የበለጠ የሚገርመኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 የራሱ ግቢ ያለው የፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ፣ ቆይቶም ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረር፣ መቱ ቅርንጫፍ ወጣ። ሙሉ በሙሉ መዳን ላልቻሉት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠራላቸው። በሆስፒታሎቹ የነርስ ረዳት ሆነው ከሚሠሩት ብዙዎቹ የቀድሞ ታካሚዎች ናቸው፣ ስለዚህ ማሚቱ ብቻዋን አይደለችም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹን ከገጠር ነው የሚወስዱት፣ ሲመረቁም የሚሄዱት ወደመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው። ጭንቅላቱ አልወርድ ማለቱን በመጀመሪያው ቀን የምታውቅ፣ አምቡላንስ የምትጠራ ልጅ። በአራተኛው ቀን አይደለም፣ በመጀመሪያው።

እና ያቺን አዋላጅ መድረክ ላይ የሚያወጣት የለም። ምን ብላ ታስለቅሰናለች? "አንዲት ሴት መጣች፣ ወደ ሆስፒታል ላክኋት፣ ልጇን ታቅፋ ተመለሰች።" ይኸው ነው ታሪኳ። ለማርች 8 አይሆንም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። እናታችሁን ወይ አያታችሁን ጠይቁልኝ፣ እናንተ ስትወለዱ ማን ነበር ያዋለዳቸው? ነርስ ትሁን የሰፈር አዋላጅ ትሁን ግድ የለም። ያስታወሱትን በድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። ሳምንት ከነሱ ውስጥ የተወሰኑትን አሰማችኋለሁ። ጎረቤቶቼ ሥራ ካቆሙ ማለቴ ነው። ቻው፣ ደህና ሁኑ።