ፈረስና በቅሎ የሚጭን መኪና ስንት ይበላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ስለ መኪና ወጪ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አብዛኛው ጥያቄ ፈረስ፣ በቅሎና ከብት ስለሚጭን መኪና ነበር። ሰዓት አጥሮን በጥድፊያ ያለፍኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። መኪና ስጠግን የኖርኩት ደሴ ነው። የምናገረውም የወሎን ዳገትና ቁልቁለት እያሰብኩ ነው።

ከደላንታ የደወሉ አባት፦ «ሁለት ፈረስ አለኝ። ለጥምቀት ጉግስና ለሠርግ ወልድያም ደሴም እወስዳቸዋለሁ። ልጄ አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕና የፈረስ ተሳቢ እንግዛ ይለኛል። ያዋጣናል?»

አባቴ፣ መጀመሪያ ክብደቱን እንመልከት። የአገራችን ፈረስ በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱ ፈረሶች 600 ኪሎ እንበል። ሁለት ፈረስ የሚይዝ ተሳቢ ደግሞ ባዶውን 900 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ መኪናው ከኋላው 1,500 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። ደህና ሃይሉክስ ይህን መጎተት አያቅተውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ማቆሙ ነው። የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ብዙ ፒክአፖች የሚፈቅዱት እስከ 750 ኪሎ ብቻ ነው። የእርስዎ ጭነት የዚያን እጥፍ ነው። ተሳቢ ልታሠሩ ከሆነ ስለ ቀለሙና ስለ ጣሪያው ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ፍሬኑ ጠይቁ።

ከፍታውንም አይርሱት። ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ደጋው ላይ፣ ወደ 3,000 ሜትር ሲጠጉ፣ ሩብ ያህል ጉልበቱ የለም። ያን ጊዜ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል። ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው ፍሪሲዮንም ቶሎ ያልቃል። ተሳቢ ሲጎተት የነዳጁ ፍጆታ ከወትሮው በሲሶ ቢጨምር አይድነቅዎት። አንዳንዴም እስከ ግማሽ ይደርሳል።

ሌላው ወጪ ቆሞም የሚበላው ነው። መድን አለ፣ የዓመቱ ቦሎ አለ፣ ባትሪ አለ። ጎማ ሳይሄድም በፀሐይ ይሰነጠቃል። የተሳቢው ጎማና ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታም በተጨማሪ የሚታሰብ ነው። ፈረሶቹ የሚንቀሳቀሱት በዓመት 3 ወይም 4 ጊዜ ከሆነ፣ መኪናው ለሌላ ሥራ ካልተፈለገ በቀር እንዲገዙ አልመክርዎትም። ጎኑ በደንብ የታጠረ አይሱዙ ይከራዩ። ከሰፈሩ ሌላ ባለፈረስ ጋር ከተጋሩት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ልጅዎ መኪናውን በየሳምንቱ የሚያሠራው ከሆነ ግን እንደገና ይደውሉልኝ፣ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።

ከኮምቦልቻ የደወለ ወጣት፦ «ኤንፒአር አይሱዙ አለኝ። ሰኞ ሰኞ ከባቲ ገበያ በቅሎና በሬ ጭኜ ደሴ አወጣለሁ። አንዳንዴም ከደሴ ፈረስ አወርዳለሁ። ናፍጣውን ከፍዬ ጥሩ የተረፈኝ ይመስለኛል። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ፣ ጎማ ሲፈነዳ ግን ኪሴ ባዶ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

አብሽር ወንድሜ፣ ስህተቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ብዙ ሹፌር ናፍጣውን ቀንሶ የቀረውን ትርፍ ይለዋል። ጎማውን እንውሰድ። ለሒሳብ እንዲመቸን አንዱ ጎማ 20,000 ብር ነው እንበል። መኪናህ 6 ጎማ አለው፣ 120,000 ብር መጣ። ጎማዎቹ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄዱልህ በየኪሎ ሜትሩ 3 ብር በልተዋል። ለምሳሌ ደሴ ወልድያ ብትሄድ ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ማታ ኪስህ ከገባው ገንዘብ 720 ብሩ የጎማ ነው። ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ ሸራውንና ጭነቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ በዚሁ መንገድ አስላ። ድምሩን በየጉዞው ለብቻው አስቀምጥ። ቤት ውስጥ ከሆነ ለባለቤትህ ስጣት፣ ባንክ ከሆነ ሌላ ደብተር ክፈት።

ባዶ የምትሄድበትንም ቁጠር። ባቲ ባዶህን ወርደህ ጭነህ ከወጣህ የጭነቱ ዋጋ የሁለቱንም መንገድ ወጪ መሸፈን አለበት። ናፍጣውን ለመለካት ሙሉ ቀድተህ ተነስ፣ ደርሰህ ተመለስና እንደገና ሙሉ ቅዳ። የሄድከውን ኪሎ ሜትር በቀዳኸው ሊትር አካፍለው። መውጫውን ብቻ ወይም መውረጃውን ብቻ ከለካህ ሒሳቡ ያሳስትሃል።

አሁን ወደ ሸራው ልምጣ። ከደሴ ኮምቦልቻ በሃረጎ ስትወርድ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለህ። ያን ሁሉ መንገድ እግርህን ፍሬን ላይ አሳርፈህ ከወረድክ ሸራው ይጋላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዙን ይተዋል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ፣ ሞተር ፍሬኑን ተጠቀም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባው ዘይት ሲግል ስለሚፈላ በየ2 ዓመቱ ቀይረው። የጋለ ታምቡር (ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ላይም ውሃ አትድፋ፣ ይሰነጠቃል። ይህን አድርጎ ለአንድ ባልዲ ውሃ ሲል ሙሉ ታምቡር የገዛ ሰው አውቃለሁ።

ደግሞም የጫንከው ስሚንቶ አይደለም። በቅሎዋ በአራት እግሯ ቆማ ሚዛኗን እየጠበቀች ነው። አንተ ድንገት ፍሬን ስትይዝ ትወድቃለች፣ ኩርባ ላይ ስትፈጥን በጓደኛዋ ላይ ትጫናለች። እግሯ የተሰበረ በቅሎ ጋራዥ በር ላይ ያየሁባት ቀን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። በርጋታ የሚነዳ ሰው ናፍጣም ይቆጥባል፣ ሸራም ይቆጥባል፣ ከብቱንም በጤና ያደርሳል።

ከመርሳ፦ «የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ። መንገድ ላይ የጫንኩት ፈረስ ቢሞት ይከፈለኛል?»

አይከፈልዎትም። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው መድን መኪናዎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የራስዎን መኪናም ሆነ የጫኑትን እንስሳ አይሸፍንም። ለእነዚያ ሌላ መድን መግባት ያስፈልጋል። ከመፈረምዎ በፊት በሕይወት ያለ እንስሳ ይካተት እንደሆነ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙት።

ከወረኢሉ፦ «ማደያ ናፍጣ ሲጠፋ በጀሪካን እገዛለሁ። ሞተሩን ይጎዳዋል?»

ዋናው ችግር ውሃና ቆሻሻው ነው። ውሃ የገባበት ናፍጣ፣ ናፍጣውን የሚገፋውን ፖምፓና ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል ይበላል፣ የእነሱ ጥገና ደግሞ ከሁሉ ውድ ነው። ግድ ከሆነብህ ጀሪካኑ አንድ ሌሊት ቆሞ ይዝቀጥ። ከላይ ያለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለህ ቅዳ፣ ታች የቀረውን ተወው። የናፍጣ ፊልትሮውንም ከጊዜው ቀድመህ ለውጥ።

ከሐይቅ የደወሉ እህት፦ «የባለቤቴ መኪና ፈረስ ከጫነ ወዲህ ወለሉ ዝጎ ተበሳ። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ሽንቱ ነው። ሽንትና እበት ብረት ላይ ሲያድሩ ይበሉታል። የተበሳውን በወፍራም ላሜራ አስበይዱና ጸረ ዝገት ቀለም አስቀቡት። ከላዩ የሚነሳ ጎማ ምንጣፍ ይደረግበት። በጎማው ላይ ሰጋቱራ ከተነሰነሰ ሽንቱን ይመጥጣል፣ ኮቴውም አይንሸራተትም። ፈረሱ በወረደ ቀን ምንጣፉን አንስታችሁ ወለሉን በብዙ ውሃ እጠቡት፣ ሳይደርቅም አትመልሱት። ወለሉ የእንጨት ከሆነ በየወሩ ከሥር ሆናችሁ በመፍቻ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። መፍቻው ከገባ ያ እንጨት በስብሷልና ሳይቀየር ፈረስ አታስቁሙበት።